የምን ፐርሰንት? ለላኪ፣ ለዩኒየንና ለነጋዴ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ

ዛሬ የዋጋ ሰንጠረዥ አለጥፍም። ዛሬ ትምህርት ነው። ረዘም ስለሚል ሻይ ይዛችሁ አንብቡት፤ ሴቭ አድርጉትና ውል ስትጽፉ አውጡት።

ምክንያቱ አንድ ጥያቄ ነው። ከደጋው ወረዳ የአንድ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ። ማኅበሩ 4,000 ኩንታል ስንዴ ለማስረከብ ተዋውሏል። ውሉ እርጥበት 13 በመቶ ይላል። በኅዳር ዝናብ ስለነካው ስንዴው ሲለካ 18 በመቶ ሆነ። በውሉ ላይ ያለው ቃል "በእርጥበት ልዩነቱ ልክ ከክብደት ይቀነሳል" የሚል ብቻ ነው። ማኅበሩ "18 ሲቀነስ 13፣ 5 ነው፤ 200 ኩንታል ይቀነስ" አለ። ገዢው ደግሞ "በገበያው ልማድ ለአንድ ነጥብ አንድ ተኩል ነው፤ 7.5 ነው፤ 300 ኩንታል ይቀነስ" አለ። በመካከል 100 ኩንታል ቆመ። አንዱን ኩንታል 6,000 ብር ብንለው 600,000 ብር ነው። "ማን ነው ልክ?" ትላለች።

መልሱ፦ ሁለቱም አይደሉም። ለምን እንደሆነ ለማየት ግን ከሥሩ እንነሳ። ጋፋት ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡበትን ቦታ ነው። እኛ ዛሬ እዚህ ደብረ ታቦር አካባቢ የምንሠራው ሰዎች ግን የምንጨነቀው በሚዛንና በፐርሰንት ነው። ፐርሰንት ደግሞ በሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ከሬሾና ከወደር ጋር የምንማረው ነገር ነው። ብዙዎቻችን ፈተናውን አልፈን ረስተነዋል።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የእህል ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ የወሰድኳቸው ናቸው እንጂ የዛሬ ገበያ አይደሉም። እንዳትሸጡባቸው!)

1. ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው

ፐርሰንት ማለት "ከመቶው ስንት" ማለት ነው። በማንኛውም የፐርሰንት ጥያቄ ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፦ መነሻው (መቶ የምንለው ሙሉው)፣ ምጣኔው (ከመቶው ስንት) እና ድርሻው (የሚወጣው መጠን)። ሁለቱን ካወቅን ሦስተኛው ይገኛል።

ድርሻውን ስንፈልግ እናባዛለን። 250 ኩንታል ገብስ 4 በመቶ ባዕድ ነገር አለው ከተባለ፣ 250 ሲባዛ በ0.04፣ 10 ኩንታል ነው።

ምጣኔውን ስንፈልግ ድርሻውን ለመነሻው እናካፍላለን። ከ350 ግራም የቡና ናሙና ውስጥ 7 ግራም ጉድለት ያለበት ፍሬ ከተለቀመ፣ 7 ሲካፈል ለ350፣ 0.02 ወይም 2 በመቶ ነው።

መነሻውን ስንፈልግ ድርሻውን ለምጣኔው እናካፍላለን። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስንዴ ተነፍቶ 3 በመቶ ወጣለት፤ አሁን መጋዘን ውስጥ 485 ኩንታል አለ። ስንት ነበር የገባው? ብዙ ሰው በ485 ላይ 3 በመቶ ይጨምርና 499.55 ይላል። ልክ አይደለም። 485 ማለት የመጀመሪያው 97 በመቶ ነው። ስለዚህ 485 ሲካፈል ለ0.97፣ 500 ኩንታል ነው። ልዩነቱ እዚህ ጋ ግማሽ ኩንታል እንኳን ስለማይሞላ ንቀን እናልፈዋለን። ወደ ታች ስንሄድ ግን ይሄው ስህተት በአስር ሺዎች ብር ሲበላ ታያላችሁ።

እንግዲህ የዛሬው ትምህርት በአንድ ጥያቄ ይጠቃለላል። ሰው ፐርሰንት ሲጠራላችሁ "የምን?" በሉት። መነሻው ያልተነገረ ፐርሰንት ዋጋ እንዳልተጠራለት እቃ ነው።

2. በቃል መገመት

ስልክ ላይ ድርድር ውስጥ ሆናችሁ ካልኩሌተር አትፈልጉም። እነዚህን ያዙ፦

10 በመቶ ለማግኘት አንድ ቤት ወደ ግራ። 1 በመቶ ለማግኘት ሁለት ቤት ወደ ግራ። 5 በመቶ የ10 ግማሽ ነው። 2.5 በመቶ የ5 ግማሽ ነው። ሌላው ሁሉ ከነዚህ ይገጣጠማል።

ከ48,600 ብር 15 በመቶ ስንት ነው? አስር በመቶው 4,860፣ አምስቱ 2,430፤ ሲደመር 7,290።

አንድ ኮንቴይነር ቡና 320 ጆንያ በ60 ኪሎ ሲሆን 19,200 ኪሎ ነው። 1.5 በመቶው? አንድ በመቶው 192፣ ግማሹ 96፤ ሲደመር 288 ኪሎ።

ቁጥሩ ካልተመቸ አጠጋጉት። ከ5,120 ኩንታል 3.9 በመቶ ስንት ነው? "ከ5,000 አራት በመቶ" በሉት፤ 200 ነው። ትክክለኛው 199.68 ነው። አንዱን ወደ ላይ ስታጠጉ ሌላውን ወደ ታች ማጠጋት ስህተቱን ያጣፋዋል።

ሌላ ጥሩ ዘዴ አለ፦ ፐርሰንት ይገለበጣል። የ75፣ 16 በመቶ ከባድ ይመስላል። ገልብጡት፤ የ16፣ 75 በመቶ ሦስት አራተኛው ነው፤ 12። መልሱ አንድ ነው።

ለቡና ሰዎች ደግሞ አንድ ስጦታ። የኒውዮርክ አንድ የቡና ኮንትራት 37,500 ፓውንድ ነው። በኛ ሚዛን ወደ 17,010 ኪሎ ይመጣል፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ አንድ ኮንትራት 1,000 ፈረሱላ ገደማ ነው ማለት ነው። አንድ ፈረሱላም 37.5 ፓውንድ ገደማ። ስለዚህ ኒውዮርክ 4 ዶላር ሲል የፈረሱላው 150 ዶላር ነው። 10 ሳንቲም ሲንቀሳቀስ ፈረሱላው 3 ዶላር ከ75 ይንቀሳቀሳል። 10 ሳንቲም ከ4 ዶላር ስንት በመቶ ነው? 2.5 በመቶ። ከ150 ላይም 3.75፣ 2.5 በመቶ ነው። ይመሳከራል።

3. የወረደው ሲመለስ በዚያው ፐርሰንት አይመለስም

በየካቲት 2017 ዓ.ም. የኒውዮርክ አረቢካ ዋጋ ለአንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። በክረምቱ 3 ዶላር አካባቢ ወረደ። መስከረም 2018 ላይ ደግሞ እንደገና 4ን አለፈ። ለስሌቱ ከ4 ወደ 3፣ ከ3 ወደ 4 እንበለው። ሲወርድ 1 ዶላር ከ4 ላይ ነው፤ 25 በመቶ ወረደ። ሲመለስ ያው 1 ዶላር ከ3 ላይ ነው፤ 33 በመቶ ወጣ። መነሻው ስለተቀየረ ነው።

ስለዚህ "25 ወርዶ 33 ስለወጣ 8 በመቶ አተረፍኩ" የሚል ሰው ምንም አላተረፈም። የነበረበት ተመለሰ። ይህችን በቃል ያዟት፦

10 በመቶ የወረደ ለመመለስ 11 በመቶ ገደማ ይፈልጋል።
20 የወረደ 25 ይፈልጋል።
25 የወረደ 33 ገደማ ይፈልጋል።
50 የወረደ 100 ይፈልጋል።

ቡና ይዞ "ይመለሳል" ብሎ የሚጠብቅ ሰው ስንት መመለስ እንዳለበት በዚህ ይለካ።

4. ዶላር በ30 ሲወጣ ብር በ30 አይወድቅም

ይሄ በሀገራችን ሦስት ጊዜ ሰውን ያወዛገበ ነገር ነው።

ነሐሴ 26 ቀን 2002 ዓ.ም. ዶላር ከ13 ብር ከ63 ወደ 16 ብር ከ35 ገደማ ተቀየረ። አንዱ "20 በመቶ" አለ፤ ሌላው "17 በመቶ ገደማ" አለ። ሰው የተጣሉ ሁለት ዜናዎች መሰሉት። ሁለቱም ልክ ናቸው። ልዩነቱ 2 ብር ከ72 ነው። ከ13.63 አንጻር 20 በመቶ ነው፤ ዶላሩ የተወደደበት። ከ16.35 አንጻር 17 በመቶ ገደማ ነው፤ ብሩ የወደቀበት።

ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ከ23 ብር ከ40 ገደማ ወደ 26 ብር ከ90 ገደማ። ዶላር 15 በመቶ ተወደደ፤ ብር 13 በመቶ ወደቀ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ በመጀመሪያው ቀን ከ57 ብር ከ50 ገደማ ወደ 74 ብር ከ70 ገደማ። ዶላር 30 በመቶ ተወደደ። የውጭ የዜና ወኪሎች ሳይቀሩ ብር 30 በመቶ ወደቀ ብለው ዘገቡ። በብሩ በኩል ስናየው ግን 17.20 ሲካፈል ለ74.70፣ 23 በመቶ ነው።

ማረጋገጫ ለሚፈልግ፦ በቀጣዮቹ ወራት ዶላሩ 115 ብር ደረሰ። ከ57.50 እጥፍ ነው፤ 100 በመቶ ተወደደ። ብርም 100 በመቶ ወደቀ ካልን ዋጋው ዜሮ ሆኗል ማለት ነው። ግን አልሆነም፤ አንድ ብር በፊት የሚገዛውን የዶላር ግማሽ ይገዛል። የወደቀው 50 በመቶ ነው።

ለእናንተ ይሄ ምን ያደርጋል? ላኪ ከሆናችሁ ዶላር ተቀብላችሁ ወደ ብር ስለምትቀይሩ የሚመለከታችሁ 30ው ነው፤ በዚያው ዶላር 30 በመቶ የበለጠ ብር ይገባል። ብር ይዛችሁ ከውጭ መለዋወጫ ወይም የማሽን እቃ የምትገዙ ከሆነ የሚመለከታችሁ 23ቱ ነው፤ የያዛችሁት ብር በዶላር ሲታይ በዚያ ያህል ቀነሰ። አንዱን ሒሳብ ለሌላው ሥራ አትውሰዱት።

5. "ሁለት በመቶ" እና "ሁለት ነጥብ" አንድ አይደሉም

በዚያው በጥቅምት 2010 ውሳኔ የቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ተደረገ። በስንት ጨመረ? "በ2 በመቶ" የሚል አለ። በትክክል ለመናገር "በ2 ነጥብ" ነው። በፐርሰንት ከሆነ 2 ሲካፈል ለ5፣ 40 በመቶ ጨመረ። 100,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመት 5,000 ያገኝ የነበረው 7,000 አገኘ፤ ወለዱ በ40 በመቶ አደገ።

ውል ላይ "ኮሚሽኑ በ1 በመቶ ይጨምራል" ተብሎ ሲጻፍ ተጠንቀቁ። ኮሚሽኑ 2 በመቶ ከነበረ፣ በ1 ነጥብ ከሆነ 3 ይሆናል፤ በ1 በመቶ ከሆነ ደግሞ 2.02 ነው። ደላላ ስለሆንኩ የትኛውን እንደምመርጥ ታውቃላችሁ፤ ግን በውሉ ላይ "ከ2 ወደ 3 በመቶ" ብላችሁ ጻፉት፤ ክርክር የለም።

ከዚሁ ጋር፦ "የዋጋ ንረት ከ30 ወደ 15 ወረደ" ሲባል ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም። አምና 100 ብር የነበረው ዘንድሮ 115 ሆነ ማለት ነው። መወደዱ ቀጥሏል፤ ፍጥነቱ ግን ቀንሷል። ይህን ሰምቶ "ገበያው ይወርዳል" ብሎ ጤፉን በጥድፊያ የሚሸጥ ገበሬ አለ፤ ንገሩት።

6. እርጥበት፦ የ4,000 ኩንታሉ መልስ

አሁን ወደ ጥያቄያችን። እርጥበት 18 በመቶ ማለት ከ100 ኩንታል ውስጥ 18ቱ ውሃ፣ 82ቱ ደረቅ እህል ነው ማለት ነው። ሲደርቅ የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው። 82ቱ አይነካም። ይሄ ነው ቁልፉ፤ የማይለወጠውን ያዙ።

እርጥበቱ 13 ሲሆን ደረቁ እህል ከጠቅላላው 87 በመቶ መሆን አለበት። ስለዚህ 82 ኩንታል የአዲሱ ክብደት 87 በመቶ ነው። መነሻውን ፈልጉ፤ ቁጥር 1 ላይ ያየነው ነው። 82 ሲካፈል ለ0.87፣ 94.25 ኩንታል። የቀነሰው 5.75 ነው።

5 ያልሆነው ለምንድነው? 18 በመቶው የተለካው ከእርጥቡ ክብደት ነው፤ 13ቱ ከደረቀው ክብደት ነው። ሁለት የተለያዩ መነሻዎች ናቸው። የተለያየ መነሻ ያላቸውን ፐርሰንቶች መቀነስ ኪሎን ከሊትር እንደ መቀነስ ነው።

በ4,000 ኩንታል ላይ 5.75 በመቶ 230 ኩንታል ነው። ማኅበሩ ያለው 200 በ30 ኩንታል ያንሳል፤ ገዢው ያለው 300 በ70 ኩንታል ይበልጣል። በ6,000 ብር ሒሳብ የማኅበሩ ስሌት ገዢውን 180,000 ብር ይጎዳል፤ የገዢው ስሌት ማኅበሩን 420,000 ብር ይጎዳል። ገዢው ለማድረቂያ ወጪ መቀነስ ከፈለገ መብቱ ነው፤ ግን "የማድረቂያ ክፍያ" ብሎ በብር ለብቻው ይጻፈው እንጂ በእርጥበት ስም ክብደት ውስጥ አይደብቀው።

ለግምት የሚሆን አቋራጭ፦ መድረሻው 13 ሲሆን ለእያንዳንዱ የእርጥበት ነጥብ 1.15 በመቶ ክብደት ይቀንሳል። አምስት ነጥብ ሲባዛ በ1.15፣ 5.75። አለቀ። 1 ያለውም 1.5 ያለውም ተሳስቷል።

"0.15 ምን አላት?" ለሚል አንድ ትልቅ ምሳሌ። እሸት በርበሬ 80 በመቶ ውሃ አለው እንበል፤ ደርቆ 10 በመቶ ሊሆን ነው። በመቀነስ የሚያሰላ ሰው "70 ሄደ፤ ከ100 ኪሎ 30 ኪሎ ይቀረኛል" ይላል። እውነቱ፦ ደረቁ 20 ኪሎ ነው፤ 20 ሲካፈል ለ0.90፣ 22.2 ኪሎ። ስምንት ኪሎ ገደማ በሌለ በርበሬ ላይ ውል ገባ።

ለቡና ላኪ፦ 13 በመቶ እርጥበት ያለው ቡና ገዝታችሁ በ11.5 ልትጭኑ ነው። 19,200 ኪሎ ለመሙላት ስንት ትገዛላችሁ? 19,200 ሲባዛ በ88.5 ሲካፈል ለ87፣ 19,531 ኪሎ። በ1.5 በመቶ ብቻ ጨምሮ 19,488 የገዛ ሰው በ43 ኪሎ ጎደለው። ኮንቴይነሩ ሊታሸግ ሲል ለአንድ ጆንያ መሯሯጥ ማለት ነው። የማበጠሪያውና የለቀማው ቅናሽ ደግሞ ከዚህ ሌላ ነው።

7. ሩዝና ጀንፈል፦ በማባዛት ሳይሆን በማካፈል

ፎገራ ወርዳችሁ ሩዝ ከነገለባው ስትገዙ፣ ሲፈለፈል 65 በመቶ ነጭ ሩዝ ይወጣል እንበል። ከነገለባው ኩንታሉ 6,000 ብር ከሆነ የነጩ ሩዝ ዋጋ ስንት ሲሆን ነው ገንዘባችሁ የሚመለሰው?

"35 በመቶ ስለሚጠፋ 35 በመቶ እጨምራለሁ፤ 8,100" የሚል ነጋዴ ብዙ ነው። እስቲ እናረጋግጥ። 100 ኩንታል በ600,000 ብር ተገዛ። 65 ኩንታል ወጣ። በ8,100 ሲሸጥ 526,500 ብር። 73,500 ብር ጠፋ! ወፍጮ ቤትና ማጓጓዣ ሳይቆጠር። ልኩ 6,000 ሲካፈል ለ0.65 ነው፤ 9,231 ብር። ገለባው የሚሸጥ ከሆነ ያንን ቀንሱ፤ ወጪውን ጨምሩ።

ጀንፈል ቡናም እንዲሁ ነው። ከጀንፈል ወደ ቅሽር ቡና በግምት ግማሽ ይወጣል። "50 በመቶ ይጠፋል" ብሎ ዋጋ ላይ 50 በመቶ የጨመረ ሰው ከስሯል፤ እጥፍ ነው መሆን ያለበት። የሚወጣው 48 በመቶ ከሆነ ደግሞ ለ0.48 ማካፈል ነው፤ ከእጥፍም ይበልጣል።

8. ትርፍና ቫት

ጤፍ በ12,000 ገዝቶ በ15,000 የሸጠ ሰው ስንት በመቶ አተረፈ? ከመግዣው 25 በመቶ፤ ከመሸጫው 20 በመቶ። ዩኒየኑና ነጋዴው "በ20 በመቶ ትርፍ" ብለው ሲስማሙ አንዱ በ12,000 ላይ 20 ጨምሮ 14,400 ያስባል፤ ሌላው ከመሸጫው 20 ብሎ 15,000 ያስባል። በኩንታል 600 ብር ልዩነት። "ከመግዣ ዋጋ 20 በመቶ" የሚል አንድ ቃል ይጨመር፤ ፍርድ ቤት አያስፈልግም።

ቫት 15 በመቶ ነው። ጆንያ ቫትን ጨምሮ በ230,000 ብር ገዛችሁ። ከቫት በፊት ስንት ነው? 15 በመቶ ቀንሳችሁ 195,500 ካላችሁ በ4,500 ብር ተሳስታችኋል። ቫቱ የተሰላው ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው። 230,000 ሲካፈል ለ1.15፣ 200,000 ብር። ቫቱ 30,000።

9. ሲደራረብ

ዶላር በ30 በመቶ ቢወጣና ኒውዮርክ በ10 በመቶ ቢወርድ፣ በብር የቡናው ዋጋ በ20 አይወጣም። 1.30 ሲባዛ በ0.90፣ 1.17። በ17 ነው የሚወጣው። 10 በመቶው የወረደው ካደገው ዋጋ ላይ ነውና።

ፐርሰንቶቹ ትንንሽ ሲሆኑ ግን መደመር ለግምት ይበቃል። በመንፋት 3፣ በማድረቅ 5.75፣ በመንገድ 1 በመቶ ቢጠፋ ድምሩ 9.75 ነው፤ ትክክለኛው 9.5 ገደማ። ለስልክ ድርድር ይሄ ይበቃል፤ ለውል ግን አባዙት።

10. የቤት ሥራ

ሀ. 60 ኩንታል በቆሎ እርጥበቱ 16 ነው። ወደ 13 ሲደርስ ስንት ኩንታል ይሆናል?
ለ. ገዢ የ8,000 ብሩን ዋጋ 20 በመቶ ቀነሰ፤ በሳምንቱ "20 በመቶ መለስኩላችሁ" አለ። አሁን ስንት ነው?
ሐ. ከ350 ግራም ናሙና 10.5 ግራም ባዕድ ነገር ወጣ። በ800 ኩንታል ውስጥ ስንት ኩንታል ይጠበቃል?
መ. በቃል፦ ከ36,000 ብር 2.5 በመቶ?

መልስ፦ ሀ. 60 ሲባዛ በ84 ሲካፈል ለ87፣ 57.93 ኩንታል። ለ. 7,680 ብር፤ 320 ብር በልቷል። ሐ. 3 በመቶ ነው፤ 24 ኩንታል። መ. አስር በመቶው 3,600፣ ሩቡ 900 ብር።

ለጠየቀችን እህት፦ ሁለታችሁም በ230 ተስማሙ፤ ስሌቱን አትማችሁ ለገዢው አሳዩት፤ የሚከራከርበት ነገር የለውም። ለሚቀጥለው ውል ደግሞ ይህን ዓረፍተ ነገር ገልብጡ፦ "የሚከፈልበት ክብደት የተመዘነው ክብደት በ(100 ሲቀነስ የተለካው እርጥበት) ተባዝቶ ለ87 ሲካፈል የሚገኘው ነው።" የእርጥበት መለኪያው የማን እንደሆነና ማን ፊት እንደሚለካም ይጻፍ።

በመጨረሻ ለገበሬ ማኅበራት አንድ ነገር ልበል። በቤቱ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ያለው አባወራ ኦዲተር አለው። የሚዛን ወረቀቱንና ደረሰኙን ለልጁ ወይም ለልጅቷ ስጡ፤ ያስሉ። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፤ ሰባተኛ ክፍልን ሳይነኩ ሚዛን ቤትና ገበያ የገቡ ልጆች አሉ። እነሱ ደግሞ ነገ እህል የሚያስረክቡ ናቸው። ከደብተር ቢያመልጣቸውም ከደረሰኝ ላይ ይማሩት። ካልኩሌተር በየስልኩ አለ፤ የሚጎድለው "የምን ፐርሰንት?" ብሎ መጠየቅ ነው።

ያልገባችሁ ካለ በውስጥ መስመር ጻፉ። ለማኅበራችሁና ለዩኒየናችሁ ግሩፕ ሼር አድርጉት። መልካም ገበያ!